ያልታረሰችው ቁራሽ መሬት

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። የሞተ ሰው የለበትም፤ የፈነዳ ነገርም የለበትም። ለክፍል ጓደኛዬ ስነግራት በትዕግሥት አዳመጠችኝና መጨረሻው ላይ "እና ከዚያስ?" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ የምነግራት አልነበረኝም። ግን አያቴ እያረጁ ነው፤ ነገሩን የሰሙ ሰዎችም ሲያወሩት ይጨምሩበታል። ባለፈው ጊዜ በሰፈራችን በከዚራ አንድ ሰው ለእኔው ለራሴ ሲተርክልኝ ታንክ አስገብቶበት ነበር። ስለዚህ ያየሁትንና የሰማሁትን ያህል ብቻ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

አያቴ የእናቴ አባት ናቸው። እኔና እናቴ የምንኖረው ድሬዳዋ ከተማ፣ ከዚራ ነው፤ እሳቸው ግን ገጠር፣ ከቢዮ አዋሌ ወዲህ፣ በአሸዋማው ወንዝ ዳር ያርሳሉ። ማሽላና ሽንኩርት፣ ጥቂት የፓፓያ ዛፎች፣ ከቤቱ ጀርባ ደግሞ ጫት አላቸው። እናቴ ከተማ ገብተው አብረውን እንዲኖሩ ለምና ለምና ደክሟታል። "ከዚራ ጥላ ነው እንጂ አፈር የለውም" ይሏታል።

ድሬ ላይ "አንቱ" ብርቅ ነው። እኔም አያቴን "አንተ" እያልኩ ነው ያደግሁት። እሳቸው መንዝ የተወለዱ ስለሆኑ ነገሩ እስከ ዛሬ ይከነክናቸዋል። "ይቺ የድሬ ልጅ ከፍየሉም ከእኔም ጋር በአንድ ቋንቋ ነው የምታወራው" ይላሉ። በጽሑፍ ግን እጄ "አንተ" ማለቱን እምቢ አለኝ።

ወደዚህ አገር የመጡት በወጣትነታቸው፣ በሶማሌ ጦርነት ጊዜ፣ በሚሊሺያነት ነው። ተራ ወታደር ነበሩ። የአካባቢው ሰው ግን "ሻምበል" ይላቸዋል፤ መጀመሪያ ለቀልድ ነበር አሉ፤ ቀልዱ ተረሳና ማዕረጉ ቀረ። ግራ እግራቸውን ቆስለው ከተሰናበቱ በኋላ ወደ አገራቸው አልተመለሱም። እዚሁ ሚስት አገቡ፣ መሬት አገኙ፣ ቀስ በቀስም የሰፈሩ ሽማግሌ ሆኑ። ጎርፍ ሲወርድ መጀመሪያ ማን ወደ ማሳው እንደሚጠልፍ፣ ቀጥሎ ማን እንደሚረከብ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ኦሮሞዎቹ ጎረቤቶቻቸው "አባ ለጋ" ይሏቸዋል፤ የወንዙ አባት እንደማለት ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ የሰው ፍየል የሰው ማሽላ ሲበላም የሚጠሩት እሳቸው ናቸው።

ከልጅነቴ ጀምሮ ሁለት ነገር ይገርመኝ ነበር። አንደኛው፣ የደጋ ሰው ለምን እዚህ ሐሩር ውስጥ ቀረ? ስጠይቃቸው "ውሃው ተስማማኝ" ይላሉ። የትኛው ውሃ? ወንዙ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው።

ሁለተኛው ያቺ ቁራሽ መሬት ነበረች። ወንዙ የሚታጠፍበት ላይ፣ ጎርፉ ደለል እየጫነ የሚያዳብራት፣ ከአያቴ መሬት ሁሉ የተሻለችው እሷ ናት። ሆኖም ታርሳ አታውቅም። ዙሪያዋን በእሾህ ታጥራለች፤ መሐሏ ላይ የድንጋይ ክምር አለ። ወሊ፣ የእስላም ቅዱስ ሰው፣ ተቀብሮባታል ይባላል። የሚያልፍ ሰው ከአጥሩ ውጭ ሆኖ አንድ ድንጋይ ወደ ክምሩ ይወረውራል፤ ልማዱ ነው። እሾሁ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ይታሰራል። ሴቶች በእግር መንገዱ በኩል ተቀምጠው ይለምናሉ፤ ቴምርና ፈንድሻ ያስቀምጣሉ፤ የዳር ድንጋዮቹን ቅቤ ይቀባሉ። የተጣሉ ሰዎች ሽምግልናቸው ሲያልቅ አጥሩ ጋ ቆመው ይማማላሉ፤ የሚያስምሏቸውም አያቴ ናቸው። ክርስቲያን ሽማግሌ የእስላም ወሊ ጠባቂ መሆኑ እዚያ ማንንም አይገርምም። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። አያቴ ራሳቸው ያንን አጥር ሲያልፉ አይቼ አላውቅም። በግ ገብታ እንኳ ድንጋይ ወርውረው ያስወጧታል እንጂ አይከተሏትም።

ዘንድሮ የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና እንዳለቀ፣ አንድ ረቡዕ ቀን ወደ እሳቸው ሄድኩ። ከሚኒባሱ ስወርድ በእግር መንገዱ ዳር ሲሚንቶና የግንብ ድንጋይ ተደርድሮ አየሁ። የሰፈሩ ሰው አዋጥቶ ለወሊው ግንብና ጥላ ሊሠራ ነው። መሠረቱ የሚቆፈረው አርብ፣ ከስግደት በኋላ ነው አሉኝ። ሁሉም ደስ ብሎታል። አያቴ ብቻ ምሳቸውን ሳይነኩ ሽንኩርት ሊያርሙ ወጡ። ተከትያቸው ሄጄ አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

"አባባ፣ ምን ሆነሃል?"

"ምንም።"

"ግንቡ ነው አይደል? ለምን ጠላኸው?"

ጥቂት አረም ነቀሉ። "እዚያ ወሊ የለም" አሉ።

"ታዲያ ማን ነው የተቀበረው?"

"ሰው አልተቀበረም። ፈንጂ ነው። የቀበርኩትም እኔ ነኝ።"

የሚቀልዱ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። አይቀልዱም ነበር። ከዚያ በኋላ ጥያቄዬን ማቆም አልቻልኩም፤ እሳቸውም እያረሙ አንድ በአንድ መለሱልኝ።

በጦርነቱ ጊዜ የተመደቡት ከመሐንዲሶች ጋር ነበር። ጠላት በወንዙ በኩል እንዳይመጣ እጥፋቱን እንዲያጥሩ ታዘዙ፤ ቀበሩ። ፈንጂዎቹ የት የት እንዳሉ የሚያሳየውን ንድፍ የያዘው አለቃቸው ወዲያው ሞተ። እሳቸው ቆስለው ሐኪም ቤት ገቡ። ሲድኑ ተመልሰው መጡ።

"ለምን መጣህ?"

"ላየው። ሰው ሰፍሮበት እንደሆነ ብዬ።"

"ሰፍሮበት ነበር?"

"አያትሽ ፍየል ትጠብቅበት ነበር።"

መጀመሪያ እውነቱን ተናገሩ። በጊዜው ለነበሩት ሹሞች አመለከቱ፤ "እንመጣለን" ተባሉ፤ ሳይመጡ ዘመን ተለወጠ። ለሰፈሩ ሰውም "ፈንጂ አለ፣ አትግቡ" አሉ። ሰው ጥቂት ጊዜ ሰማቸው። ከዚያ ፍየሎች ገብተው በሰላም ሲወጡ ታየና "የታለ ፈንጂህ?" እያለ መሳቅ ጀመረ። ልጆች ገብተው እንጨት ለቀሙ። መላውን ያመጣችው አያቴ ናት፤ ሚስታቸው። ዛሬ በሕይወት የለችም። "ሰው ፈንጂ አይፈራም፣ አያየውማ" አለቻቸው። "ቀብር ግን ይፈራል።" ከዚያ እሷ ለሴቶቹ፣ እሳቸው ለወንዶቹ፣ "እዚህ ወሊ ተቀብሯል፤ የሚረግጠውን አይወድም" ብለው ነገሩ። ከአጥሩ ውጭ ሆነው ድንጋይ እየወረወሩ ክምሩን ጀመሩት። ሌላው ሰው ጨረሰው። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ልጅ አልገባም።

"እና የቀረኸው ለእሷ ነው ወይስ ለፈንጂው?"

"ለእሷ" አሉ ቶሎ ብለው። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ "ለሁለቱም። ምን ትነዘንዥኛለሽ፤ ያቺን አረም ንቀያት።"

ያላሰቡት ነገር የወሊው ዝና ማደጉ ነበር። ሰው ይርቀዋል ብለው የፈጠሩት ወሊ ሰው ይጠራ ጀመር። ከሩቅ ሰፈር ሳይቀር የሚለምን መጣ። ጠብ ያለው በእሱ ካልማልን አለ። እምቢ ቢሉ ነገሩ ይወጣል፤ ስለዚህ እሺ እያሉ አስማሉ። ዛሬ የሰፈሩ የውሃ ተራ፣ የድንበር ስምምነት፣ የባልና ሚስት እርቅ ሁሉ የቆመው በዚያ ክምር ላይ ነው። አርብ ዕለት ዝም ቢሉ አንዱ ዶማ ፈንጂ ላይ ያርፋል። ቢናገሩ ደግሞ ሲያስምሉ የኖሩት ሁሉ ሐሰት ይሆናል፤ ከእንግዲህ ማን ይሰማቸዋል?

"ምን ልታደርግ ነው?" አልኳቸው።

"ነገ እነግራቸዋለሁ። ያንን አይደለም የፈራሁት። አለማመናቸውን ነው።"

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሰዉን ከአጥሩ ራቅ ብሎ ባለው ቁርቁራ ዛፍ ሥር ሰበሰቡ። ቆመው፣ ሳይቀንሱ ሳይጨምሩ ሁሉንም ተናገሩ። ሲጨርሱ መጀመሪያ የተነሣችው ለግንቡ መዋጮ የሰበሰበችው ጎረቤታቸው ናት። መካን ትባል የነበረች፣ ወሊውን ለምና ወንድ ልጅ የወለደች ሴት ናት፤ ልጇ ዛሬ ከተማ ባጃጅ ይነዳል።

"ሻምበል፣ ስማኝ" አለች። "ይህን ሁሉ ዓመት ቅቤ የቀባሁት ለፈንጂ ነው?"

"አዎ።"

"ልጄንስ የሰጠኝ ፈንጂ ነው?"

ሰዉ ሳቀ። እዚያው የነበረው ልጇ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

"ልጅሽን የሰጠሽ አላህ ነው" አሉ አያቴ። "ከፈንጂው የጠበቀሽም እሱ ነው።"

"አቦ ተወኝ! ለስንት ሸጥከው?"

"ምኑን?"

"መሬቱን ነዋ! ባለሀብት መጥቶልሃል። ወሊ ያለበትን መሬት ማንም አይገዛም፤ ስለዚህ ወሊው የለም አልክ።"

ከዚያ ጫጫታ ሆነ። አንዱ "እርጅና ነው" አለ፤ ሌላው "ቤተሰቦቹ ናቸው ከከተማ መጥተው የመከሩት" ብሎ ወደ እኔ አየ። ከአያቴ ማሳ በታች የሚያርስ አንድ ረጅም ሰው ነበር፤ ከወንድሙ ጋር በውሃ ተራ ተጣልቶ በወሊው ምሎ የታረቀ። እሱ፣ "ዋሪያ፣ ነገሩ ቀላል ነው" አለ። "እውነት ከሆነ ይማልልን።"

"እምላለሁ" አሉ አያቴ። "በፈጣሪ።"

"አይ። በወሊው ማል። አጥሩ ጋ ቆመህ፣ ወሊ የለም ብለህ፣ በወሊው ማል።"

እኔ ልስቅ ነበር፤ የሚስቅ ሰው ግን አልነበረም። ሁሉም ከልቡ ነው የሚጠብቃቸው። "በሌለ ነገር አልምልም" አሉ አያቴ።

"አያችሁ!" አለች ሴትየዋ። "ፈራው!"

በዚሁ ተበተኑ። አያቴ ቤት ገብተው አንድ ቀጭን ብረት አወጡና ጫፉን በሞረድ ይስሉ ጀመር። እንዲያ ሲያደርጉ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

አርብ ከስግደት በኋላ ወንዶቹ ዶማና አካፋ ይዘው መጡ፤ ሴቶቹና ልጆቹ ከኋላ። አያቴ ከእግር መንገዱ ላይ ቆመው ጠበቋቸው። ይጣላሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሳቸው ግን በጣም በተረጋጋ ድምፅ፣ "ቆፍሩ" አሏቸው። "አልከለክላችሁም። መንገዱን ግን መጀመሪያ እኔ ልክፈትላችሁ። ልጆቹን ወደ አሸዋው አውርዱ። እናንተም ቁርቁራው ጋ ቁሙ።"

"ሀዬ፣ እሺ" አለ ረጅሙ ሰው፤ ግራ ገብቶታል።

አያቴ ኪሳቸውን አራግፈው ቁልፋቸውንና ሞባይላቸውን ሰጡኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ክንዳቸውን ያዝኩ።

"አባባ፣ አትግባ! ፖሊስ እንጥራ፤ እኔ እደውላለሁ!"

"እስኪመጡ ይቆፍሩታል። ልቀቂኝ። ከአሁን በኋላ እስክወጣ አታናግሪኝ።"

በዚያ ድምፅ አናግረውኝ አያውቁም። ለቀቅኳቸው።

እሾሁን በዱላ ገፍተው ከፈቱና በደረታቸው ተኙ። የማይታጠፈው ግራ እግራቸው ከኋላ ተዘርግቶ ቀረ። መጀመሪያ በጣቶቻቸው ሣሩን ዳሰሱ፤ ፀጉር እንደሚያበጥር ሰው፣ ቀስ ብለው። ከዚያ ብረቱን አጋድመው ወደ አፈሩ ገፉ። አወጡ። ጥቂት ፈቀቅ አድርገው እንደገና ገፉ። በቂ ሲሆን በክርናቸው ትንሽ ተሳቡ። እንደገና ዳሰሱ። ላብ ከግንባራቸው ሲንጠባጠብ ከሩቅ ይታየኝ ነበር፤ እጃቸው ግን አይንቀጠቀጥም። ሻይ ሲጠጡ ብርጭቆውን የሚያንቀጠቅጠው ያው እጅ ነው። እንዴት እንዲያ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

መጀመሪያ አንድ ሁለት ወጣቶች ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቀረ። ረጅሙ ሰው ዶማውን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቆ።

"ወሊ ጋ የሚሄድ ሰው ጫማውን ያወልቃል እንጂ በሆዱ አይሳብም" አለ ለራሱ።

ሴትየዋ አጠገቤ ነበረች። ሻርፗን በጥርሷ ነክሳለች። አያቴ ብረቱን ገፍተው ድንገት አቆሙ፤ ሳያወጡት ለጥቂት ጊዜ እንደያዙት ቆዩ። ያን ጊዜ ጮኸች።

"ሻምበል! ተመለስ! አመንኩ! ወላሂ አመንኩ፣ ተመለስ!"

"አትጩሂ!" አሉ አያቴ፣ ራሳቸውን ሳያዞሩ። "መመለስ ቀላል መሰለሽ? በመጣሁበት ነው የምመለሰው። ዝም በሉ።"

በመጡበት ዱካ ወደ ኋላ እየተሳቡ ተመለሱ። ከመግባታቸው መውጣታቸው ረዘመ። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ረጅሙ ሰውና እኔ ብብታቸውን ይዘን አነሣናቸው። ሴትየዋ በሻርፗ የደረታቸውን አቧራ እያራገፈች ትቆጣቸው ጀመር።

"አንተ ሽማግሌ! በአፍህ ብትነግረን ምን ነበረበት?"

"ትናንት ነገርኩሽ'ኮ!"

"ትናንት መች አመንኩህ!"

"ምንድነው ያቆመህ?" አልኳቸው እኔ። "ብረቱን ስትገፋ ምን አገኘህ?"

"ድንጋይ ይሁን ሌላ አላውቅም" አሉ። "ላውቅም አልፈለግሁም።"

ሰኞ ጠዋት የሴትየዋ ልጅ እኛን በባጃጁ ይዞ ወደ ከተማ ገባ። የደቻቱ ወንዝን ድልድይ ተሻግረን፣ ጉዳዩ ይመለከተዋል የተባልነው ቢሮ ደረስን። የተቀበለን ወጣት "ፈንጂ መኖሩን በምን አወቁ?" ብሎ ጠየቃቸው። "እኔ ነኝ የቀበርኩት" አሉት። ሰውየው ብዕሩን አስቀምጦ ትንሽ አያቸውና ተነሥቶ ወንበር አመጣላቸው።

ፈንጂ አምካኞቹ እስኪመጡ ብዙ ጠበቅን። በዚህ መካከል አያቴ ስለ መሐላዎቹ የነበራቸው ስጋት ግማሹ ደረሰ። የረጅሙ ሰው ወንድም የውሃ ተራው ስምምነት ፈርሷል አለ፤ "የማልኩበት ነገር ከሌለ መሐላዬም የለም" ብሎ። አያቴ "እውነቱን ነው" አሉና ከዚያ ሽምግልና ራሳቸውን አወጡ። ሌሎች ሽማግሌዎች ተቀምጠው ወንድማማቾቹ ጎርፉን በየተራ እንዲጠልፉ ወሰኑ። ሌላው ስምምነት ሁሉ ግን አልተነካም። ለምን እንዳልተነካ ብዙ ሰው ጠየቅሁ። አንዷ ባለትዳር፣ "እኔ የማልኩት በአላህ ነው፣ ድንጋዩ ምስክር ነበር" አለችኝ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ፣ "አሁን ማን ያንን ጠብ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ደክሞናል" አሉኝ። የትኛው መልስ እውነት እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ሁለቱም።

አምካኞቹ መጥተው መሬቱን በገመድ ከፋፍለው ይፈትሹ ጀመር። ቅዳሜና እሑድ እየሄድኩ ከሩቅ አያቸው ነበር። አያቴ በየቀኑ ቁርቁራው ሥር ተቀምጠው ይጠብቃሉ። የድንጋይ ክምሩ ሥር ምንም አልተገኘም። አያቴ "ፈልጉ፣ እዚያው ነው" ብለው ተከራከሩ። ፈንጂዎቹ የተገኙት ከታች ነው፤ ጎርፉ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ዳርቻውን እየሸረሸረ፣ አፈሩን ከነያዘው ገፍቶ ከአጥሩ ውጭ፣ የእግር መንገዱ ጋ አድርሷቸዋል። ዝገው ነበር፤ አክሽፈው ወሰዷቸው።

የአምካኞቹ ኃላፊ ቦታውን በእጁ ሲያሳየን ሴትየዋም ነበረች።

"እኔ የምቀመጠው እዚያ ነበር" አለች።

"አውቃለሁ" አሉ አያቴ።

"አንተ ነህ እዚያ ተቀመጡ ያልከን።"

"አውቃለሁ አልኩሽ።"

ከዚያ በላይ አልተነጋገሩም። እሷም ተነሥታ አልሄደችም፤ እሳቸው እስኪነሡ አብራቸው ተቀመጠች።

በመጨረሻው ቀን ኃላፊው ሰዉን ሰብስቦ መሬቱ ንጹሕ ነው አለ። እንድናምን ራሱ መሐል ለመሐል እየሄደ አሳየን። አያቴ ዱላቸውን ይዘው ተነሡና "ቆይ፣ ከአንተ ጋር ልሂድ" አሉት። እኔም ተከተልኳቸው። ቀጥ ብለው ነበር የሚሄዱት፤ ዓይናቸው ግን ከመሬት አልተነሣም።

"አባባ፣ ምን ትዘራበታለህ?"

ቆም አሉ። እንደ አዲስ ነገር ግራና ቀኙን አዩ።

"እንጃ" አሉ። "አስቤበት አላውቅም።"

እስከ ወንዙ ዳር ሄደው፣ አሸዋውን ትንሽ አይተው ተመለሱ። ማክሰኞ፣ ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር።